የአቶ ኅሩይ የባሕር ስምምነት

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ከጄኔቭ ወደ ዙሪክ በሚሄደው ባቡር ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ሲጨዋወቱ አቶ ኅሩይ ሰምተው ነበር። አንደኛው፣ «ሰሚ ሰው አይሰጥም» አለ። ወይም «አይሰጥምም»። ባቡሩ ዋሻ ገብቶ የመጨረሻዋን «ም» ዋጣት። አቶ ኅሩይ ለክብራቸው የሚስማማውን መረጡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የማይሰጥሙ ሰሚ ሆኑ።

በጄኔቭ ዳር ባለው በሻትሌን ሰፈር የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ችግሩን የሚያራግፈው እርሳቸው ዘንድ ነው። አንብበው ራሳቸውን ያስተማሩ፣ ጾም የማይገድፉ ሰው ናቸው። ምክር አይሰጡም። ጥበባቸው አንዲት ናት፦ ሰው ሲያወራ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው «እህ» ይላሉ። ይህች ትንፋሽ ስንት ባልና ሚስት አስታርቃለች። ትርጉሟ «አዎ» ይሁን «ቀጥል» የጠየቃቸው የለም።

ዙሪክ ውስጥ አልትሽቴተን ሰፈር የምትኖረው ልጃቸው እድላዊት አንድ ቀን በስልክ፣ የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ማልዲቭስ ሄደው ሳምንት ሙሉ ጀልባ ላይ እያደሩ፣ ከደሴት ደሴት እየዞሩ፣ አየር በጀርባቸው ተሸክመው ባሕር ሲጠልቁ እንደሰነበቱ አወራቻቸው።

«እህ» አሉ አባት።

«አንተም ደስ ይልሃል እንዴ፣ አባዬ?»

«እህ።»

በሳምንቱ ቦታ ተያዘ። አቶ ኅሩይ ውኃን ከሻወር አልፎ አያምኑትም። ነገር ግን ልጃቸው «አብረን ዕረፍት እንውጣ» ካለቻቸው ብዙ ዘመን ሆኗል፤ እምቢ ቢሉ ዳግመኛ እንዳትጠይቃቸው ፈሩ።

ለልምምድ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ብዙነሽን አስከትለው ዙሪክ ሄዱ። አሰልጣኟ ሚሪያም በመዋኛ ገንዳው ዳር ደንቡን ስታስረዳ እድላዊት ትተረጉም ጀመር።

«ውኃ ውስጥ ትንፋሽ መያዝ ክልክል ነው።»

«እህ።»

«ተቻኩሎ መውጣት ሳንባ ይጎዳል።»

«እህ።»

ሚሪያም ወንበር አመጣች። «አባትሽ መተንፈስ አቃታቸው?»

«የለም፣ እየተስማማ ነው።»

«እንዲህ ከተስማሙ ሐኪም ቢያያቸው አይሻልም?»

አቶ ኅሩይ አማተቡ። ነቢዩ ዮናስ ያለ አንዳች ሥልጠና ወርዶ መመለሱን አስበው ገቡ። ሚሪያም ውኃ ውስጥ በእጅ ምልክት አንድ ነገር በጠየቀቻቸው ቁጥር፣ እንደ ጨዋ ሰሚ «እህ» አሉ። ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃ አየር በመስማማት ጨርሰው ወጡ።

«አባዬ፣ እውነት መሄድ ትፈልጋለህ?»

«እህ…»

«በትንፋሽ አይደለም። በቃል ንገረኝ።»

«እፈራለሁ፣ ልጄ። እንዳትቀየሚኝ ብዬ ነው።»

«እኔም እኮ እፈራለሁ። አንተ የጓጓህ መስሎኝ ነው እንጂ።»

አባትና ልጅ ተያይተው ሳቁ። አቶ ኅሩይም አጋጣሚው ንግግር እንደሚገባው ተሰምቷቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ መደማመጥ የቤት ምሰሶ…»

«ስማ፣ አንተ ሰውዬ» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ። «ባሕር አሳየኝ እያልኩ የምለምንህ ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ ነው። ምን ነበር መልስህ?»

አቶ ኅሩይ አየር ሊስቡ ከጀመሩ በኋላ ተዉት።

«እማዬ፣ አንቺ ትጠልቂያለሽ?» አለች እድላዊት።

ወይዘሮ ብዙነሽ የመጥለቂያውን መነጽር ከባላቸው ግንባር ላይ አወለቁት። «እጠልቃለሁ። አንቺም እጄን ከያዝሽ ፍርሃቱ ይለቅሻል።»

አቶ ኅሩይም ከብዙ ምክክር በኋላ የሚስታቸውን ቦርሳ ለመያዝ ተስማሙ።