ለእኔ የተገጠመልኝ ማርሚታ

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ። እኔ ሕልም የሚያይ ሰው አይደለሁም። ጋደም ስል እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ሲነጋ እነሳለሁ፣ በመሀል ምንም የለም። የትናንቱ ግን ሌላ ነው።

ከሕልሙ በፊት የነበረውን ማስቀደም አለብኝ፤ አለዚያ አይገባችሁም። ልጄን ትርሲትን የሚፈልጋት ኢዩኤል የሚባል ልጅ አለ። እዚሁ አዳማ ጋራዥ አለው፤ ሥራው ማርሚታ፣ የመኪና ጭስ ማውጫ፣ መግጠም ነው። ቅዳሜ ጠዋት «ዘይት ልቀይርልዎ» ብሎ አሮጌዋን መኪናዬን ወሰዳት። ሲመልሳት መሪው አጠገብ አንዲት ቀይ ቁልፍ ተተክላለች።

«ይቺ ምንድን ናት?» አልኩት።

«ጋሼ፣ አዳዲሶቹ መኪኖች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት ነገር ነው። ማርሚታው ውስጥ ክዳን አለ። ክዳኑ ሲዘጋ ጭሱ ዞሮ ዞሮ ስለሚወጣ ድምፅ አይኖርም። ቁልፏን ሲጫኗት ክዳኑ ይከፈትና ጭሱ በቀጥታ ይወጣል። ያኔ ታገሳለች። ሲለቋት ተመልሶ ይዘጋል።»

«ማን እንዲሰማት?»

ልጁ ሳቀ። እኔ ቀልዴን አልነበረም።

ቁልፏን አልነካኋትም። ግን ማታ መኪናዋን ሸራ ሳለብሳት ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ። ብየዳው ንጹሕ ነው። ክዳኑን በጣቴ ገፋ አደረግሁት፤ ተከፈተ። ለቀቅሁት፤ ተዘጋ። ደግሜ ገፋሁት። ከዚያ ባለቤቴ እማዋይሽ ከበረንዳው ላይ እንደምታየኝ አወቅሁና ጉልበቴን አራግፌ ተነሳሁ።

በማግስቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ የኢዩኤል ሽማግሌዎች ትርሲትን ሊጠይቁ ይመጣሉ። ደንቡ የታወቀ ነው። ሽማግሌ ቆሞ ይናገራል፣ አባት ዝም ብሎ ይሰማል፣ በመጨረሻ ቀን ቀጥሮ ይሸኛቸዋል። ዝም ማለቱን እችልበታለሁ። አምና ለትርሲት የመጡ ሌሎች ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሰማኋቸው፣ ማሰብ ጀመርኩ፣ ሳስብ ሄዱ። እምቢ ያልኩ መስሏቸው በዚያው ቀሩ። ያኛውን ልጅ እሷም አልፈለገችውም ነበርና ማንም አልተጎዳም። ይሄኛውን ግን ትፈልገዋለች።

ከእራት በኋላ እጄን እያስታጠበችኝ፣ «አባዬ፣ ነገ እንደ አምናው እንዳታደርገኝ፤» አለችኝ። «የኢዩኤል አጎት ኩሩ ሰው ናቸው። አንዴ ከሄዱ አይመለሱም።»

ዝም አልኩ። እያሰብኩ ነበር። ልጁ ሥራው ንጹሕ ነው፤ አይቻለሁ። ግን ዝም ያለች መኪና ካላገሳች ደስ የማይለው ሰው ምን ዓይነት ባል ይሆናል? ይሄንን እንደያዝኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሕልሜ ነግቷል። ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሼ ቆሜያለሁ። መኪናዬ ከሳሎን ወጣች፤ የእኔን ጋቢ ደርባለች፣ የእኔን ነጠላ ጫማ በፊት ጎማዎቿ ተጫምታለች። ሸራዬን ገፈፈችኝና ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችኝ።

«ማንደፍሮ፣ እንዴት አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» አልኳት። በዚህ ሕልም ውስጥ እሷን አንቱ ማለት የቆየ ልማዴ ነው።

«ዛሬ ጋራዥ እወስድሃለሁ። የጎረቤት መኪኖች ሰዎቻቸው ገና ከመንገዱ ጫፍ ይሰማሉ። አንተ የእኔው ሰው ግን መምጣትህም መሄድህም አይታወቅም። አፍሬያለሁ።»

ጀርባዬ ላይ ወጣች። አልከበደችኝም፤ ይሄ ገረመኝ። የቀኝ ጆሮዬን ስትስበው ወደ ቀኝ፣ የግራውን ስትስበው ወደ ግራ እታጠፋለሁ።

አስፋልቱን ሞልተን የምንሮጠው ሰዎች ነን። መኪኖቹ በእግረኛው መንገድ ላይ ጥላ ይዘው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይንሸራሸራሉ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ባጃጆች ተሸክሞ ጥግ ላይ ቆሟል። «አንድ ባጃጅ የቀረው! አንድ ባጃጅ የቀረው!» እያለ ይጣራል። የተሸከማቸው ባጃጆች «ኧረ ሞልቷል፣ ሂድ እንጂ!» እያሉ ይነጫነጩበታል።

ማደያ ደረስን። ሰዎች ተሰልፈዋል። የሚቀዳው ወሬ ነው። ቀጂው ቧንቧውን ጆሮ ውስጥ እየከተተ «ይሙላ?» ይላል።

«የሱ ይለፍ፤» አለች መኪናዬ። «የድሮው የተቀዳለት ገና አላለቀም።»

መብራቱ ላይ ትራፊክ ፖሊሶች ፊሽካቸውን በሁለት እጅ ይዘው አላፊውን ይለምናሉ። አንደኛው መንገዴን ዘጋ።

«አባቴ፣ እባክዎ ትንሽ ይቆጡኝ። ከጠዋት ጀምሮ የተቆጣኝ የለም።»

ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ ቃል አልወጣልኝም። ፖሊሱ ጠጋ ብሎ ደረቴን አዳመጠ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«እመቤቴ፣ ይሄ ሰውዎ ድምፅ የለውም! ዝም ያለ ሰው ይዞ መውጣት ክልክል መሆኑን አያውቁም?»

«ለማስገጠም እየወሰድኩት ነው እኮ።»

«ቶሎ ይበሉ። ባለፈው አንድ ዝምተኛ ማንም ሳይሰማው በገዛ ልጁ ሠርግ መሀል አልፎ ሄዷል።»

መኪናዬ ደነገጠች። እኔ ግን ሰውዬው ወዴት እንደሄደ ለማወቅ ፈለግሁ። ሳልጠይቅ ጆሮዬን ሳበችኝ።

ከጋራዡ በፊት ምርመራ አለ። መርማሪው አህያ ነው፤ ነጭ ጋዋን ለብሷል። ከኋላው ሁለት ከረባት ያሰሩ ሰዎች ጭድ ተጭነው ተራ ይጠብቃሉ። አህያው ጆሮውን ጎኔ ላይ ለጠፈ። ጆሮው ትልቅ ስለሆነ እስከ ብብቴ ደረሰ።

«ሞተሩ ደህና ነው፤» አለ። «ጭስም አለ፤ ብዙ ነው። ግን አይወጣም።»

«የት ይሄዳል?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ዞሮ ዞሮ እዚያው ይተኛል። አንዳንዱ ቆይቷል። ይሄን ለምሳሌ፣» ብሎ የጎድን አጥንቴን በሰኮናው መታ መታ አደረገ፤ «ልጅህ የተወለደች ቀን ልትላት የፈለግኸው ነው።»

«ምን ነበር?»

«እኔ አህያ ነኝ፣ ወንድሜ። የምመረምረው ብዛቱን ነው።»

ጋራዡ ውስጥ ሰዎች በክሪክ ተነስተው ተደርድረዋል። ጉድጓዱ ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እንደለበሱ በጀርባቸው ተኝተው ብሎን ያጠብቃሉ። ኢዩኤል ነጭ ጢም አብቅሎ፣ መቋሚያ ተደግፎ፣ ከላይ ሆኖ ይመርቃል። «ይግጠምላችሁ፣ አይፍታባችሁ» ሲል ከታች «አሜን!» ይላሉ። እኔን ከጉድጓዱ አፍ ላይ አቆሙኝ።

«ምን ዓይነት ይሁንልዎት?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«ከፋብሪካው ይዞት የመጣ የሚመስል፤» አለች መኪናዬ።

«የዚህ ፋብሪካ ማን ናት?»

«እናቱ ናታ።»

«እንግዲያው ሲያዩት ከእናቱ ሆድ ይዞት የወጣ መምሰል አለበት።»

«አዎ። ጎረቤት ‹አስገጠመ› እንዳይል። ‹ድሮም ተናጋሪ ነበር› እንዲል ነው የምፈልገው።»

ብየዳ ለኮሱ። ፍንጣሪው ቀዝቃዛ ነው፤ እንደ ካፊያ ያረጥባል። ቧንቧ በጎኔ ሲያልፍ ተሰማኝ። ከዚያ ጉሮሮዬ ሥር ክዳን ገጠሙ። አንገቴን ዞር አደረግሁ።

«አትንቀሳቀስ፣ ሰውዬ!»

«ብየዳውን ልየው ብዬ ነው።»

«ጀርባህን ልታይ?»

«ንጹሕ ነው ወይ?»

«ንጹሕ ነው።»

ተረጋጋሁ።

«ቁልፏ ማን ጋ ትሁን?» ሲባል ግን ጠብ ተነሳ። መኪናዬ «እኔ ጋ!» አለች። አንደኛው ሽማግሌ «ሚስቱ ጋ» አሉ። ሌላኛው «እሱ ራሱ ቢይዛትስ?» ሲሉ ሁሉም ሳቁ። በክሪክ የተነሱት ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁ።

«እሱ ጋ ከሆነች ዝገት ይበላታል!»

ኢዩኤል መቋሚያውን መሬት ላይ መታ። «ቁልፏ የልጅቷ ናት፤» አለ። «ሄደን እንጠይቃት።»

ወዲያው እኔ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ነን። ትርሲት ወንበሬ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮፍያዬን አድርጋለች። ቀይዋ ቁልፍ መዳፏ ላይ ናት። ሽማግሌዎቹ በዘይት የጨቀየ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ። እኔ በመካከላቸው እንደ ሙሽራ አንገቴን ደፍቻለሁ።

«የመጣነው፣» አሉ ትልቁ፣ «የአባትሽን ድምፅ እንድትሰጪን ነው። በደንብ እንይዘዋለን፣ ብርድ አናስመታውም።»

ትርሲት ዝም አለች።

ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ፣ ግራ እጇን ጉልበቷ ላይ ጥላ፣ ከንፈሯን ገጥማለች። ያ ዝምታ የእኔ ነው። ስኖርበት ኖሬ ከውጭ አይቼው አላውቅም ነበር። ውስጡ ሆኜ ሳውቀው ብዙ ነገር አለበት፤ ሐሳብ አለ፣ ፍቅርም አለ። ከውጭ ምንም አይታይበትም። እንዲያውም የተቆጣች መሰለኝ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትልቁ የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መለሱ። እንሂድ ማለታቸው ነው።

እያሰበች እኮ ነው! እምቢ አላለችም! እኛ ስናስብ እንዲህ ነው! ልላቸው ነበር። ክዳኑ ዝግ ነው። ቃሉ ደረቴ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ተመለሰና አህያው የነካኝ ቦታ ላይ ተኛ። ሽማግሌዎቹ በሩ ጋ ደረሱ። ኢዩኤል ነጭ ጢሙን እየነቀለ ያለቅሳል። ትርሲት አሁንም በሩን ታያለች።

በዓይኔ ለመንኳት። ልጄ፣ ተጫኛት።

ዞር ብላ አየችኝ። «ማን እንዲሰማህ?» አለችና አውራ ጣቷን አሳረፈችባት።

ክዳኑ ተከፈተ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቃል አልነበረም፤ ሞተር ነው። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፣ ኮፍያዬ ከራሷ ላይ በረረ፤ ነቃሁ።

ሞተሩ አላቆመም።

ፀሐይ በመስኮት ገብታለች። ብርጭቆዎቹ በእውነት ይንጫጫሉ። እማዋይሽ በሩን በርግዳ ገባች።

«አንተ ሰውዬ! ሽማግሌዎቹ ደጅ ደርሰዋል! ብንቀሰቅስህ ብንቀሰቅስህ እምቢ አልክ፤ ልጅቷ ጨነቃትና መኪናውን አስነሳችው!»

በቁምጣዬ እንዳለሁ ወጣሁ። ትርሲት የበዓል ቀሚሷን ለብሳ መሪው ላይ ተቀምጣለች። እግሯ ነዳጁ ላይ፣ አውራ ጣቷ ቀይዋ ቁልፍ ላይ ነው። መኪናዬ ታገሳለች። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ያምራል።

የግቢው በር ክፍት ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ጆሯቸውን ይዘው ቆመዋል። ከፊት ያሉት የኢዩኤል አጎት ናቸው።

«በሞተር ነው የሚያባርሩን?» ብለው ወደ ጓደኞቻቸው ሲጮሁ ሰማኋቸው። የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መለሱ። ይቺን አውቃታለሁ።

«አይደለም፤» አልኩ። ራሴም አልሰማሁት።

ጀርባቸውን ሰጡኝ። ትርሲት በመስኮቱ ታየኛለች። ከንፈሯን ገጥማለች።

ደረቴን ሞላሁት።

«ሰጥቻለሁ!» ብዬ ጮህኩ። «ልጄን ሰጥቻችኋለሁ! ልጁም ጥሩ ልጅ ነው! ብየዳው ንጹሕ ነው! ሰጥቻለሁ!»

መሀል ላይ ትርሲት ቁልፏን ለቀቀቻት። ክዳኑ ተዘጋ። የመኪናዋ ድምፅ በአንድ ጊዜ ጠፋና የእኔ ብቻውን ቀረ። ማዶ ልብስ የምታሰጣው ሴትዮ እጇ ገመዱ ላይ እንዳለ ቆመች። አንድ ባጃጅ መንገድ መሀል ላይ ፍሬን ያዘ። ሰፈሩ በሙሉ ሰማ።

የኢዩኤል አጎት ቀስ ብለው ዞሩ። ከሳምንት በፊት ጀምረው ያዘጋጁት ንግግር ገና አፋቸው ውስጥ እንዳለ ያስታውቃል። በቁምጣ የቆምኩትን እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አቶ ማንደፍሮ፣» አሉ፣ «ገና አልጠየቅንም እኮ።»