ወተት ያመጣው ደብዳቤ

አራስ ሴት ምክር አትለምንም፤ ራሱ ይመጣላታል። ገንፎው ሳይበርድ ምክሩ ይቀድማል። በአገራችን ባለሙያ ያላጡ ሁለት ጉዳዮች ቢኖሩ አንዱ ኳስ ጨዋታ ነው፣ ሁለተኛው የአራስ ጡት። ሚስት ያላገባ ጎረምሳ ሳይቀር «አጥሚት አብዢ» ይላችኋል። እኔ በዚህ አልቀየምም። የሚመክረኝ ሰው ቢያንስ አይቶኛል ብዬ እጽናናለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ምክር ስትቀበሉ መካሪው ከየት እንዳመጣው ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ ያገኘኝን ስሙ።

ደብረ ብርሃን ተወልጄ ሸዋ ሮቢት የተመደብኩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የደብረ ብርሃን ሰው ሸዋ ሮቢት ሲወርድ መጀመሪያ ጋቢውን፣ ቀጥሎ ሹራቡን፣ በመጨረሻ ኩራቱን ያወልቃል። ሥራዬ ደብዳቤ መቀበል፣ ቁጥር መስጠትና ከፋይል ጋር ማያያዝ ነው። ሌላው ቢቀር በዚህ አልታማም፤ አንድም ወረቀት በእጄ ጠፍቶ አያውቅም። ይህን ጉራዬን ያዙልኝ፤ ኋላ ያሳፍረኛል።

የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ልጄን ናርዶስን ለአከራዬ ለእትዬ ዘይነብ ትቼ ሥራ በገባሁበት ቀን፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ የይዞታ ፋይላቸውን እንድፈልግላቸው መጡ። እጄን ዘርግቼ ፋይሉን ከመደርደሪያው ሳወርድ ደረቴ ላይ አንዳች ነገር ሞቀኝ፤ ወዲያው ሸሚዜ ረጠበ። ቀና ስል ሽማግሌው ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለዋል።

«ቆርቆሮው ደግ ነው» አሉኝ። «አያፈስም።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የደረሰብኝን ለጽሕፈት ክፍሏ ለሙሉ ነገርኳት። ሙሉ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ፣ ልጇን ትምህርት ቤት ያስገባች ባልደረባዬ ናት። «በሻሽ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው፤ እኔም እንደዚያ ነው ያለፍኩት» አለችኝ። አሰርኩ። ሻሹ ላይ ጡት መያዣ፣ እሱ ላይ ሸሚዝ፣ ከሁሉ በላይ የመዝገብ ቤቱ ጋዋን፤ ያውም በሸዋ ሮቢት ሙቀት። ናርዶስንም ጠዋት ካጠባኋት እስከ ማታ አላያትም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ግራ ጡቴ ውስጥ ሎሚ የሚያህል ነገር ጠጠረ። ክንዴን ማንሳት አቃተኝ። ያኔ ምክር እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደብኝ። እናቴ በስልክ «ምች ነው፣ ዳማከሴ አሽተሽ ተከናንበሽ ላብሽን አውጪ» አለችኝ፤ እዚህ ላብ ለማውጣት መከናነብ እንደማያስፈልግ አልገባትም። አንዷ «የጥቅል ጎመን ቅጠል ለጥፊበት»፣ ሌላዋ «ዓይን ነው» አለች። ከሁሉ የከፋው «ጡቱን ተይውና የጣሳ ወተት አስለምጃት» የሚለው ነበር። የከፋው ላደርገው ስለተቃረብኩ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልጄን ማጥባት እወዳለሁ። ስትጠባ በአንድ እጇ ጣቴን ትይዛለች፣ በአንድ ዓይኗ ታየኛለች፣ አፏ ሞልቶ ሳለ ልትስቅ ትሞክራለች። ይህን ልተወው ነው ብዬ ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። ባለ ባጃጁ ሙዚቃውን ቀነሰልኝ።

ማታ እትዬ ዘይነብ ጋዋኔን ሳወልቅ ሻሹን አዩት።

«ያ አላህ! ልጄ፣ ግመል እንኳ ሲያርፍ ጭነቱ ይፈታለታል» አሉና በገዛ እጃቸው ፈቱት።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ይዘውኝ ሄዱ። ነርሷ አየችኝ፤ ትኩሳት የለኝም፣ የወተቱ መውረጃ ተዘግቶ ነው። እንዳላስረው፣ በኃይል እንዳላሸው፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ እንዳበርደው፣ ከሁሉም በላይ ልጅቱ በፈለገች ቁጥር እንዳጠባት፣ አገጯንም ወደ እብጠቱ እንዳዞር ነገረችኝ። ትኩሳት ከመጣ ወይም ጡቴ ከቀላ ሳልውል ሳላድር እንድመለስ አስጠነቀቀችኝ። እትዬ ዘይነብ በኩራት «ትናንት እኔ ያልኩሽ አይደል?» አሉኝ። እሳቸው ያሉኝ ስለ ግመል ነበር።

መድኃኒቱ እንግዲህ ልጄ ናት፤ ልጄ ከከተማው ወንዝ ማዶ እቤት፣ እኔ ከወንዙ ወዲህ መሥሪያ ቤት። የሚያስቀው ግን መሥሪያ ቤታችን «የሕፃናት ማቆያ» የሚል ክፍል አለው። በሩ ላይ ፊኛ የያዘች ጥንቸል ተስላለች። ለጎብኚ ተብሎ ሪባኑ የተቆረጠለት ቀን አጨብጭበናል፤ ከዚያ ወዲያ ሕፃን ገብቶበት አያውቅም። የገቡት እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች ናቸው።

ክፍሉ እንዲከፈት ማመልከቻ ጻፍኩ። ኃላፊያችን አቶ ታደለ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወረቀት እጃቸው ላይ እንዳያድር ብቻ ነው የሚፈሩት። «ለንብረት ክፍል» ብለው መሩት። ንብረት ክፍል «ለሰው ሀብት፣ አስተያየት ይሰጥበት» አለ። ሰው ሀብት ሁለት ቀን አሰበበትና «ለመዝገብ ቤት፣ ቀደም ያለ ጥያቄ ካለ ይቅረብ» ብሎ ጻፈ። በእነዚህ ቀናት በምሳ ሰዓት እየበረርኩ አጠባለሁ፤ እብጠቱ ቀን ላላ ይላል፣ ማታ ይጠጥራል። መዝገብ ቤት ማለት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን የራሴን ማመልከቻ ፈርሜ ከራሴ ተቀበልኩ።

ሥራ ሥራ ነውና ፋይሉን አወረድኩ። ቀደም ያለ ጥያቄ ነበረ። የዛሬ ስድስት ዓመት የተጻፈ፣ «ሕፃን ልጄን የማጠባበት ክፍል እንዲከፈትልኝ» የሚል። ከግርጌው «ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» ተብሎ ተመርቷል። ተያይዟል። ቁጥሩ በእኔ እጅ፣ በእኔው ቆንጆ ጽሕፈት ተጽፏል። አንድም ወረቀት ጠፍቶብኝ አያውቅም አላልኳችሁም? ያቺ እናት ስትጠይቅ እኔ ተቀብዬ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ አንዲት መስመር ሳላነብ ቀብሬላታለሁ። የአመልካቿን ስም አየሁ። ሙሉ ናት።

ወረቀቱን ይዤ ጽሕፈት ክፍል ሄድኩ። ሙሉ ጣቶቿን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች፣ አነበበችው፣ መልሳ አነበበችው።

«ሻሹን ያሰርኩት እኮ ቁልፉ አልመጣ ሲለኝ ነው» አለችኝ። «ወተቴ በዚያው ደረቀ።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። እጄን ያዘችኝ። ለካ ምክሯ ሌላ ያጣች ሰው ምክር ነበር።

ይኼኔ ግቢው ውስጥ ለቅሶ ተሰማ። ናርዶስ እስከ ምሳ አልታገሥ ብላ፣ እትዬ ዘይነብ በባጃጅ ይዘዋት መጥተዋል። ልጅ ካላለቀሰ ጡት አይሰጠውም ይባል የለ? እንግዲያው ያልቅስልን አልኩና ልጄን ታቅፌ፣ ሙሉን አስከትዬ አቶ ታደለ ቢሮ ገባሁ። ሁለቱን ደብዳቤዎች ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩ። ናርዶስ ግድግዳው ላይ ያለው የዕቅድ ሰሌዳ እስኪርገበገብ አለቀሰች። አቶ ታደለ ሁለቱንም አነበቡ። እስክሪብቷቸውን አንሥተው ሊመሩት ሲሉ እትዬ ዘይነብ ከበሩ ላይ ሆነው ተናገሩ።

«ጌታው፣ ልጂቱ መጻፍ መቼ ታውቃለች? ቁልፉን ስጡን።»

አቶ ታደለ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ተነሥተው ራሳቸው ንብረት ክፍል ሄዱና ቁልፉን አመጡ። ወንበሮቹን ስናወጣ ባለጉዳዮች ሁሉ ተረባረቡ፤ እኚያ ስለ ቆርቆሮው የመሰከሩት ሽማግሌ ሳይቀሩ ሁለት ተሸከሙ። ሙሉ ወለሉን ጠረገች። ተቀመጥኩና የልጄን አገጭ ወደ እብጠቱ አዙሬ አጠባሁ። ጥንቸሏ ከነፊኛዋ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ሥራ ጀመረች። በሁለተኛው ቀን ሎሚዋ ሟሟች። ዛሬ ፋይል ሊያወጡ ከገጠር የሚመጡ እናቶችም እዚያው ያጠባሉ፤ ሙሉም ሥራ በቀለላት ቁጥር ትመጣና ልጆቻቸውን ታቅፋለች።

ከዚያ ወዲህ «ይያያዝ» የተባለ ወረቀት ሁሉ አንብቤ ነው የማያይዘው። በዚህ የተነሣ ሥራዬ ተንቀራፍፏል። ባለፈው ግምገማም አቶ ታደለ «ደብዳቤ ታነባለች» ብለው ከድክመቶቼ መካከል መዘገቡብኝ። ወረቀቱ ለመዝገብ ቤት ተመርቶ መጣልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ቁጥር ሰጠሁትና አያያዝኩት።