ያለ ደረሰኝስ ስንት ነው?

ሰው ሳይታመም በፊት ወረቀት ቢማር ደግ ነበር። እኔ ሸማ ተራ ውስጥ ነጠላና ጋቢ ስሸጥ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጥለቱን ከሩቅ አይቼ የየትኛው ሸማኔ እጅ እንደሆነ እነግራችኋለሁ። የጤና መድን ወረቀት ግን አቅርቤም አርቄም፣ መነጽር አድርጌም አንብቤው አልገባኝም።

መድኑ ውስጥ ያስገባችን ባለቤቴ ዘርፌ ናት። ስኳርና ደም ግፊት ተከታትለው የመጡባት ጊዜ ወረዳ ሄዳ ተመዘገበች። በዓመት አንዴ ከፍሎ ዓመቱን ሙሉ መታከም ነው አለችኝ። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ርካሽ ነገር ያስፈራኛል። አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ነገር የት አለ? እድር እንኳ በየወሩ ነው።

ለካ የሚያደክመው ቃሉ ኖሯል! በቀጥታ ሆስፒታል አይኬድም፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ «ሪፈር»። ሪፈሩ ማህተም ይፈልጋል። ማህተሙን የያዘችው ሴትዮ ምሳ ወጥታለች። ከዚያ «ሽፋን» አለ። ይኼ ምርመራ ይሸፈናል፣ ያኛው አይሸፈንም። ለምን ብትሉ፣ መመሪያ ነው። መመሪያውን በዓይኑ ያየ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን «ተመላሽ» ነው። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያልቅበት ማዘዣው ላይ «የለም» ብሎ ያትማል። አንተ ከውጭ ትገዛለህ፣ ወረዳው ገንዘብህን ይመልስልሃል። እስቲ አስቡት! እኛ እኮ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብለን ግድግዳ ላይ ለጥፈን ያረጀን ሰዎች ነን።

ባለፈው ወር የዘርፌም መድኃኒት «የለም» ተባለ። በማግስቱ ቁርስ ላይ ከቀሯት ክኒኖች አንዷን በቢላዋ ለሁለት ስትከፍላት አየኋት። ምን እየሠራሽ ነው ብላት፣ እንዲያደርሰኝ ነው፣ ገበያው ቀዝቅዞብህ የለ እንዴ አለችኝ። ሱቄን ሳልከፍት ወደ ፋርማሲ ሮጥኩ።

ፋርማሲው ውስጥ ያለው ልጅ ዋጋውን ነገረኝ። ከአፌ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው?

«ያለ ደረሰኝስ ስንት ነው?»

ልጁ ግራ ቀኙን አየና ቀነሰልኝ። ተከራከርኩት፤ ደግሞ ቀነሰ። እየሳቅኩ ወጣሁ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! ያለ ደረሰኝ ተመላሽ እንደሌለ ትዝ ያለኝ ወረዳው በር ላይ ስደርስ ነው። ያ ገንዘብ ካልተመለሰ ደግሞ የሚቀጥለው ወር ክኒን መግዣ የለኝም።

እንደምንም ገባሁ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ወረቀቶቼን አገላበጠች። ማዘዣው አለ፣ «የለም» የሚለው ማህተምም አለ።

«ጋሼ፣ ደረሰኙስ?»

ጠፋብኝ ልል ነበር። ፊቷን ሳይ አፈርኩና እውነቱን ነገርኳት። እዚያ ላይ ባበቃ ምን ነበረበት! «የኔ ልጅ፣ የሚያድነው መድኃኒቱ ነው፣ ደረሰኝ ያድናል እንዴ?» ብዬ ጨመርኩበት።

ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። «ጋሼ፣ አላወቁኝም? አምና ጡረታ ለወጡ ባልደረቦቻችን ስድስት ጋቢ ከእርስዎ ገዝቼ ደረሰኝ ብለምንዎት ምን አሉኝ? 'የሚሞቀው ጋቢው ነው፣ ደረሰኝ ይሞቃል እንዴ?' አሉኝ። ሒሳቡ ከደሞዜ ተቆረጠ።»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚሉት ይኼንን ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ክፉ ልጅ እንኳ አይደለችም። ብችል እመልስልዎ ነበር፣ ያለ ደረሰኝ ከከፈልኩ ግን አሁንም ከደሞዜ ነው፣ አንዴ ይበቃኛል አለችኝ። ወደ ፋርማሲው ብመለስ ልጁ ጭራሽ አላውቅዎትም አለኝ። እኔም ብሆን የምለው ይኼንኑ ነበር።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ለዘርፌ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ስንት አስቀነስክ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ጎበዝ» አለችና ቢላዋውን አነሳች። ያቺ «ጎበዝ» እስካሁን ታመኛለች።

በማግስቱ ማልኩ። ከእንግዲህ ያለ ደረሰኝ አንዲት ነጠላ ከዚህ ሱቅ አትወጣም! የደረሰኝ ማሽኑን ከጠረጴዛው ሥር አውጥቼ አቧራውን ጠረግኩ። የመጀመሪያዋ ገበያተኛ አንዲት እናት ነበሩ። ሁለት ጋቢ መረጡ። ዋጋውን ነገርኳቸው።

«ያለ ደረሰኝስ?» አሉኝ።

የለም እትዬ፣ ያለ ደረሰኝ አልሸጥም አልኳቸው፣ ኮራ ብዬ። ጋቢውን አስቀመጡት። ወጡ። ጎረቤቴ ሱቅ በር ላይ ቆመው ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቁ ሰማሁ። ዓይኔ ላይ ያቺ ቢላዋ መጣች።

«እትዬ፣ እትዬ! ይመለሱ እንጂ፣ ምን ያስኮርፋል!»

እንግዲህ ፍረዱኝ። በዚያው ቀን ጋቢዎቹን ያለ ደረሰኝ ሸጬ፣ የዘርፌን የሚቀጥለው ወር መድኃኒት በደረሰኝ ገዛሁ።