የጋሽ ተካልኝ መኪና ከሥር ስትታይ

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። እኛ የጆሃንስበርግ፣ የዮቪል ሰፈር ሐበሾች ቆብ ስላልነበረን ወደ መኪና ዞርን። የኮሮናን የመጀመሪያ ዓመት ነው የማወራችሁ። አገሩ ተቆልፎ፣ ሰው ሁሉ ፎቁ ላይ ታጭቆ፣ ግቢያችን ውስጥ የቆሙት መኪኖች አቧራ ሲጠጡ ከረሙ። በሦስት ቀን አንዴ ማስካችንን አድርገን እንወርድና ሞተር እናስነሳለን። ሰበቡ "ባትሪ እንዳይሞት" ነው። ባትሪው ምን ይሆናል! የምንሞተው እኛ ነበርን፣ በመሰላቸት። ከሚስቱ ጋር የተኳረፈ ሁሉ ባትሪ ሊያይ ይወርዳል። እኔ ራሴ በቀን ሁለቴ የወረድኩበት ሳምንት ነበር፤ ምክንያቱን አልናገርም።

ከጋሽ ተካልኝ ጋር በደንብ የተዋወቅነው እዚያ ግቢ ነው። ከእኔ በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ተጠግቷል፤ በወጣትነታቸው የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሰላማዊት የምትባል፤ ነርስነት ተምራ ገና መመረቋ ነበር። አንዲት መኪናም አለቻቸው፤ ነጭ የቤት መኪና፣ ከአንድ የደርባን ሰው የገዟት። ብርድ ሲሆን ብርድ ልብስ ያለብሷታል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የእኔ ብርድ ልብስ ከዚያች መኪና ብርድ ልብስ ያንሳል።

ሰኔ ላይ መንግሥት በሩን ገርበብ ሲያደርግ ለሰላማዊት ደርባን ካለ ሆስፒታል ሥራ መጣላት። በአንድ ወር ውስጥ ነይ ጀምሪ አሏት። ጋሽ ተካልኝ ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ መጣባቸው። የሆስፒታሉን በሽታ እንኳ እሺ ብለው ተቀበሉት፤ ሙያዋ ነው፣ መከላከያ አላት አሉ። ያስፈራቸው ታክሲው ነው። አሥራ አምስት ሰው ትከሻ ለትከሻ፣ መስኮቱ ዝግ፣ አንዱ ሲያስል ሌላው ሲያስነጥስ። ልጄ እዚያ ውስጥ አትገባም፣ መኪናዬን ትወስዳለች ብለው ቆረጡ። መኪናዋ ግን በልጅቷ ስም ለመዛወር ምርመራ ማለፍ አለባት። አገር ቤት ቦሎ ለማውጣት እንደሚደረገው ማለት ነው፤ እዚህ ሮድወርዚ ይሉታል። መሥሪያ ቤቱ ተዘግቶ ስለከረመ ወረፋው ጉድ ነው። ቀጠሮ ያገኘነው ልጅቷ ልትሄድ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀራት ነበር።

የእኔ አፍ የገባው እዚህ ላይ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ እኔ ግን መቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ? ኮሌጅ አስተምራለሁ፤ ኮሌጁ ሲዘጋ የማስተምረው ሰው አጣሁ። አንድ ቀን ስልኬ ላይ የበረዶ አገር ሰዎች መኪናቸውን ለክረምት ሲያዘጋጁ አየሁና ለጋሽ ተካልኝ አሳየኋቸው። እነዚያ ሰዎች በረዶው እንዲሟሟላቸው መንገዱ ላይ ጨው ይበትናሉ። ጨዉ ከውሃው ጋር ከሥር እየተረጨ ብረቱን ይበላዋል። ስለዚህ ብልህ የሆነ ሰው ክረምት ሳይገባ የመኪናውን ሆድ ሬንጅ መሳይ ነገር ያስቀባል። እኔ ለጨዋታ ብዬ ነው ያሳየኋቸው። የጆሃንስበርግ ክረምት ዝናብም ጨውም የለበት፤ ደረቅ ብርድ ነው፣ ከንፈር ይሰነጥቃል እንጂ ብረት አያዝግም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የተባለው ለእኛ ዓይነቱ ነው።

ጋሽ ተካልኝ ግን ጨው ሲባል ፊታቸው ተለወጠ።

"ደርባን ባሕር አይደለም እንዴ?" አሉኝ።

"ባሕር ነው" አልኳቸው።

"አሰብም ባሕር ነው" አሉ።

ከዚያ አንድ የአሰብ ባልንጀራቸውን ታሪክ አጫወቱኝ። ሰውየው ለዓመታት የሚነዳት መኪና ላይዋ ሲታይ ሙሽራ ነበረች አሉ። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሊይዝ እግሩን ሲዘረጋ ወለሉ ከነእግሩ ወረደ። አስፋልቱን በካልሲው ነካው። ጫማውስ ብዬ ጠየቅኳቸው። "ጫማው ሚሌ ቀረ" አሉኝ፣ ሳይስቁ። ብረት የሚሞተው ከሥሩ ነው፣ እኛ ላዩን ስንወለውል እንኖራለን አሉና ወደ ቤታቸው ወጡ። በማግስቱ ማለዳ በሬን አንኳኩ። "መምህር፣ ተነስ፤ መኪናዋን እናስቀባለን።"

ፎርድስበርግ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ወሰድኳቸው። ባለቤቱ ጸጉራቸው የነጣ የህንድ ዘር ያላቸው ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው አዩና፣ ከሥር ድሮ የተቀባ ወፍራም ሬንጅ አለ፣ መጀመሪያ እሱ ተፍቆ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ ነው አዲስ የሚቀባው አሉን። ወረፋው ደግሞ ሦስት ሳምንት ነው። ጋሽ ተካልኝ ተናደዱ። ደህናውን መኪና ምን አድርጎ ነው የሚፍቀው? ይሄ ሽማግሌ የሌለ ሥራ ሊፈጥር ነው አሉኝ በአማርኛ፣ ሰውየው ፊት ቆመው፣ እንዳይታወቅባቸው ፈገግ እያሉ። ማስክ አድርገው ስለነበር ፈገግታው ለማንም አልታየም።

የአሰብ መድኃኒት ሌላ ነው፤ የተቃጠለ ዘይት። አገር ቤት ላቫጆ መኪና ያሳጠበ ሰው ያውቀዋል። ጋሽ ተካልኝ የሚያውቋቸውን መካኒኮች ዞረው ሁለት ጀሪካን ሞልተው መጡ። መርጫ ከየት ይምጣ? የፎቃችን ጠባቂ፣ ባባ ዱሚሳኒ፣ ደረጃውን መድኃኒት የሚረጩበት በጀርባ የሚታዘል መርጫ ነበራቸው። ለመኪና ነው ስንላቸው "ሃው! መኪናም ኮሮና ይይዘዋል?" አሉ። አይ፣ ለመከላከያ ነው አልናቸው፤ ይህ ደግሞ ውሸት አይደለም። ሦስት ጊዜ በሳሙና አጥበን መለስንላቸው። ቢሆንም በማግስቱ የሁለተኛው ፎቅ ደረጃ እንደ መስተዋት ሲያብረቀርቅ ዋለ፤ ሰው ሁሉ ግድግዳ ይዞ ነበር የሚወርደው።

ቀኑን ሙሉ ስንቀባ ዋልን። እኔ በጀርባዬ ተኝቼ በብሩሽ፣ እሳቸው ተንበርክከው በመርጫ። ያመለጠችን አንዲት ጥግ የለችም። ስንጨርስ ጋሽ ተካልኝ የመኪናዋን ጣሪያ መታ መታ አደረጉና "አሁን ባሕሩ ይምጣ" አሉ። በጣም ወደድኳቸው። ያን ቀን የእሳቸው ልጅ በሆንኩ ብዬ ተመኘሁ።

የምርመራው ቀን መኪናዋን፣ ሆዷ ከሥር በሚታይበት ጉድጓድ ላይ አቁመን በርቀት ቆመን ጠበቅን። መርማሪዋ ወፈር ያሉ ሴት ናቸው። ፊታቸውን በፕላስቲክ ሸፍነው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ፕላስቲኩ ላይ ሦስት ጥቁር ጠብታ ይታያል።

"ባባ" አሏቸው ጋሽ ተካልኝን፣ "ስንት ዓመት እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ሠርቻለሁ። ሞተር ዘይት ሲያፈስ አይቻለሁ። ካምቢዮ ሲያፈስ አይቻለሁ። መለዋወጫ ጎማ ዘይት ሲያፈስ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።"

ጋሽ ተካልኝ መድኃኒት ነው በላቸው አሉኝ። ተረጎምኩ። ሴትዮዋ እኔን አዩ፣ እሳቸውን አዩ፣ ጠብታውን ጠረጉ። ዘይት የሚንጠባጠብበት መኪና አላሳልፍም፣ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ አጥባችሁ አምጡት አሉ። ወደቅን ማለት ነው። አዲስ ቀጠሮ ብንጠይቅ የሰጡን ሰላማዊት ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት ነው። ስንመለስ መብራት ይዞን ከአንድ ታክሲ ጎን ስንቆም ጋሽ ተካልኝ ውስጥ ያለውን ሰው በዓይናቸው ሲቆጥሩ አየኋቸው። "አሥራ ስድስት" አሉ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ካትሌሆንግ ውስጥ፣ ላምቤቦ የሚባል የሆሳዕና ሰው መኪና ማጠቢያ አለው፤ የፈላ ውሃ በኃይል የሚተፋ ማሽንም አለው። እሱ ጋ ወሰድናት። ዘይቱ ወረደ። ከዘይቱ ጋር ግን የፎርድስበርጉ ሽማግሌ ያዩት የድሮ ሬንጅም እየተላጠ መውረድ ጀመረ። ዘይታችን አላልቶት ኖሯል። ላምቤቦ ድንገት ማሽኑን አጠፋ። "ኤሽ! ጋሼ፣ ኑ እስቲ እዩ" አለ። በሹፌሩ እግር ሥር፣ ልክ ከፍሬኑ በታች፣ ወለሉ ተበልቷል። ላምቤቦ እጁን በቀዳዳው አስገብቶ የውስጡን ምንጣፍ ገፋው፤ ምንጣፉ ብድግ አለ። ለካ የደርባኑ ሰው ዝገቱን ሳያስፍቅ ሬንጅ ቀብቶበት ነው የሸጠው። ላዩ ደህና፣ ውስጡን ለቄስ።

ጋሽ ተካልኝ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ለልጃቸው ጫማ የሚገዙላት ራሳቸው ናቸው። "ሠላሳ ሰባት ነው ቁጥሯ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከቀዳዳዋ ሳይነቅሉ።

እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። ባንቀባት አትወድቅም፤ ባትወድቅ አትታጠብም፤ ባትታጠብ ልጅቷ ያችን ቀዳዳ ረግጣ ደርባን ድረስ ትነዳ ነበር። ጋሽ ተካልኝ ከዚያ ወዲህ የተቃጠለ ዘይት የተደበቀ በሽታ ያወጣል እያሉ ለሰው ሁሉ ያስተምራሉ። ፎርድስበርግ ተመለስን። ልጅቷ ነርስ ናት፣ ሥራ ልትጀምር ነው ስላቸው ሽማግሌው ወረፋውን ትተው፣ "ብያችሁ ነበር" ሳይሉ፣ ፍቀው፣ በይደው፣ ቀብተው ሰጡን። ጋሽ ተካልኝ በአማርኛ ስላሟቸው በአማርኛ ይቅርታ ጠየቋቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተቀበሉ።

መኪናዋ አለፈች። በማግስቱ ዕቃ ስንጭን ሰላማዊት ወደ ጎን ሳበችኝ።

"ጋሼ፣ ለአባቢ እንዳትነግረው። የምኖረው እዚያው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነው። ከክፍሌ እስከ ሥራዬ በእግር ሦስት ደቂቃ ነው።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽ?"

"አላየኸውም እንዴ? ሦስት ወር ጣሪያ ሲያይ የከረመ ሰውዬ ማልዶ መነሳት ጀመረ። በምን አንጀቴ ላስቁመው?"

አልነግርም ብዬ ማልኩላት። ሄደች። ጋሽ ተካልኝ ግን መኪናዋ ከታጠፈችም በኋላ እዚያው በር ላይ ቆመው ቀሩ። አንጀቴን በሉኝ። ላጽናናቸው ብዬ መሐላዬን አፈረስኩ። አይስጉ፣ የምትኖረው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነው፣ ታክሲ የሚባል ነገር አያስፈልጋትም አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "የሥራ ደብዳቤዋ ላይ ተጽፏል።"

ያ ሁሉ ዘይትስ? ያ ሁሉ ብየዳ?

"ለሥራማ እግር አላት" አሉ። "ከደርባን እዚህ ግን አገር አቋራጩ ታክሲ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ፈርታ ብትቀርብኝስ? መኪናው ለመምጫ ነው።"

አባት ልጁን፣ ልጅ አባቷን ሲያባብሉ ወር ሙሉ ሲከርሙ፣ መኪናው የሥራ መኪና የመሰለኝ ለካ እኔ ብቻ ነኝ።