የአባ መኮንን ጎማ

ሰው ስንት ነገር ያማርጣል! እኔ ሰሞኑን ሳማርጥ የከረምኩት ምን መሰላችሁ? የጎማ ዙር የሚቆጥር ሴንሰር። አትሳቁ። የአማቴ ቅቤ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው።

አማቴ አባ መኮንን ጠዋት ገንፏቸውን በቅቤ ካላጥለቀለቁ አይነጋላቸውም። እዚህ እስራኤል፣ ኩፓት ሖሊም በሚባለው ጤና ድርጅት የምትሠራው ሐኪም ታዲያ ወይ ይንቀሳቀሱ ወይ ቅቤውን ይተዉ አለቻቸው። ብስክሌት ተገዛ። ባለቤታቸው እማማ የሺም ቅቤውን ቆለፉበት፤ ካርሜ ጋት የሚባለው ሰፈር ደርሶ ላልተመለሰ ሰው ቅቤ የለም አሉ። የአፍ ወሬ ደግሞ አያምኑም። "አንተ ሚፋል፣ ፋብሪካው ውስጥ፣ የምትውለው ከማሽን ጋር አይደል? ጎማውን ቁጠርልኝ!" ብለው እኔን ያዙኝ።

መጀመሪያ በብርሃን የሚቆጥረውን ገጠምኩ። ፀሐይና አቧራ አሳበደው፤ ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ይቆጥራል። ወደ ማግኔት ዞርኩ። ትንሽ ማግኔት በጎማው ሽቦ ላይ፣ ሴንሰሩ ጎማውን በያዘው ብረት ላይ። ማግኔቱ በፊቱ ባለፈ ቁጥር አንድ ይላል። እንዴት ደስ አለኝ!

በማግስቱ እማማ የሺ ዙሩን በኪሎ ሜትር የሚያሳየውን የሴንሰሩን ስክሪን አይተው እልል አሉ። በቁጥሩ መሠረት አባ መኮንን ከካርሜ ጋትም አልፈው ሌላ ከተማ፣ አስቀሎን ደርሰው ተመልሰዋል! ቅቤው ተፈታ። እኔ ግን ከሥራ ስመለስ የት አየኋቸው? ከሕንጻው በር ላይ፣ ብስክሌታቸውን ይዘው፣ ከጎረቤታችን ከጋሽ አለሙ ጋር ሰላምታ ላይ። "እንደምን ከረሙ?" ጎማው ወደፊት። "እግዚአብሔር ይመስገን!" ጎማው ወደኋላ። "ልጆቹስ?" ወደፊት። የጎንደር ሰላምታ መቼ ያልቅና! ጎንደር የቀሩት ላሞች ሳይቀሩ ይጠየቃሉ። ማግኔቱም በሴንሰሩ ፊት ወዲያ ወዲህ ይላል። ሰውየው አላጭበረበሩም እኮ፤ ሰላም ሲሉ እጃቸው አርፎ አያውቅም።

ሁለተኛ ሴንሰር ከጎኑ ጨመርኩ። ማግኔቱ በየትኛው ቀድሞ እንዳለፈ ስለሚታወቅ፣ ወደፊት የሄደውን ይደምራል፣ ወደኋላ የመጣውን ይቀንሳል። ያን ቀን ስክሪኑ ምን አለ? አባ መኮንን ከደጅ አልራቁም አለ። ገንፎው ደረቁን ቀረበ።

"ልጄ፣ ምን በደልኩህ?" አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

"አባ፣ ወደኋላ ሲመለስ እኮ ይቀንስብዎታል።"

"ወደፊት ብቻ ከሆነስ?"

"ይቆጥራል።"

"በሴደር" ብለው ተስማሙና ብስክሌታቸውን ይዘው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ወደኋላ የሚባል ነገር የለም። ሰላም የሚባለው ሰው መሐል ይቆማል፤ አባ መኮንን በብስክሌት እየዞሩት ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጤናው፣ ስለ ላሞቹ ይጠይቃሉ። ቁጥሩ ልክ፣ ገንፎው በቅቤ፣ ጤናቸውም ተመለሰ። እኔም በሴንሰሬ ኮራሁ።

ጋሽ አለሙ ግን እየዞሩ ሲመልሱ አንገታቸው ተጣመመና ወደዚያችው ሐኪም ሄዱ። እንቅስቃሴ ያንስዎታል ብላ ምን ብታዝላቸው ጥሩ ነው? ብስክሌት።