ቤታቸውን ጭነው የመጡ እንግዶች

እኛ አገር እንግዳ የሚያድርበትን አይመርጥም፤ ይመረጥለታል። አልጋውን ለእርሱ እንለቃለን፣ «ኧረ አይሆንም» ይላል፣ «ይሆናል» እንላለን፤ ጥቂት ከተሟገትን በኋላ እርሱ አልጋ ላይ እያፈረ፣ እኛ መሬት ላይ እየኮራን እንተኛለን። ይህ ሥርዓት ለዘመናት አገልግሏል። አንድ ነገር ግን አላሰበም፤ እንግዳው ቤቱን ጭኖ ቢመጣስ? አልጋውንም፣ ምድጃውንም፣ መጋረጃውንም ይዞ መጥቶ «የምፈልገው ማቆሚያ ቦታ ብቻ ነው» ቢልህ ምን ትለቅለታለህ?

ባጃጅ አርባ ምንጭ ገና በገባ ሰሞን ይኸው ደረሰብኝ። ሴቻ በሚባለው የከተማው ላይኛ ክፍል ከትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ ቤት ስሄድ አይሱዙ የሚያክል መኪና መንገድ ዳር ቆሞ አየሁ። መስኮቱ መጋረጃ አለው፤ ከመጋረጃው ሥር ድስት፣ ከድስቱ ጎን የተሰጣ የልጅ ካልሲ ይታያል። ባለቤቶቹ ሄንክ የሚባል ረጅም ሆላንዳዊ፣ ሚስቱ አናና ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆቻቸው ናቸው። ከአገራቸው ተነስተው ደቡብ አፍሪካ ድረስ በዚያው መኪና ሊወርዱ ነው። ሄንክ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፤ ልጆቹ የሚጫወቱበት፣ መኪናው የሚቆምበት፣ ሰው የማይበዛበት ጸጥ ያለ የሐይቅ ዳር ቦታ የት ይገኛል?

«አላውቅም» ማለት ነበረብኝ። እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ለማስተማር ከመጣሁ ዓመታት ቢያልፉም ዓባያ ሐይቅን የማውቀው ከሴቻ ቁልቁል በማየት ብቻ ነው። ግን መንገድ ተጠይቆ «አላውቅም» ያለ የአገራችን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያውም የእንግሊዝኛ መምህር? «ነገ ጠዋት ራሴ እወስዳችኋለሁ» አልኩ።

ቤት ስገባ ሌላ ጉዳይ ጠበቀኝ። ባለቤቴ አልማዝ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። እናቷ እማማ አስካለ ከጎኗ ሊሆኑ ከጨንቻ ወርደው ነበር። ያን ቀን ግን ጓዛቸውን ጠቅልለው በር ላይ አስቀምጠውታል፤ «ነገ እሄዳለሁ» ብለዋል። ምክንያቱ የቆላው ሙቀት ነው ተባለ። አልማዝ ጓዳ ጠርታ እውነቱን ነገረችኝ። ከመጡ ጀምሮ መጥረጊያ ሲያነሱ «እማማ አይድከሙ»፣ ድስት ሲነኩ «እማማ ቁጭ ይበሉ» ስንላቸው ከርመን «ቁጭ ብዬ የምበላው ታምሜያለሁ እንዴ?» ብለው ተቀይመዋል። አልማዝ እንባዋ እየመጣ «እኔ ያለ እናቴ አልወልድም» አለችኝ፤ የሚቀር ነገር ይመስል።

ወደ እማማ ሄድኩና «ነገ እንግዶች ወደ ዓባያ እወስዳለሁ፤ ጋሞኛ ስለማልችል ይርዱኝ። መሄዱ ለከነገ ወዲያ ይቆይ» አልኳቸው። እንደ ደገኛነታቸው ሐይቅ አይወዱም። «እዚያ ከወባ ጋር ማን ያድራል?» አሉ። ቀጥለው ግን «ሥራ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ሥራ ነው» አልኩ። ነጠላቸውን አነሱ።

በማግስቱ እማማ በእንግዶቹ መኪና ውስጥ ከልጆቹ ጋር ተቀምጠው አልጋውን አዩ፣ ምድጃውን አዩ፣ ጣሪያው ላይ የታሰረውን ባልዲ አዩ። «አገራቸው ቤት የላቸውም?» አሉኝ። ለሄንክ ተረጎምኩለት። እየነዳ «ነበረን፤ ሸጠን ይህን ገዛን» አለኝ እየሳቀ። እኔም አሳጥሬ «ሸጠውታል» አልኳቸው። እማማ የትንሿን ልጅ ፀጉር በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

የመጀመሪያውን ቦታ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከውሃው ዳር ሰፊ ዋርካ፣ ከሥሩ ፀጉር አስተካካይ የነካው የሚመስል አጭር ሣር። አና በደስታ እጇን አጨበጨበች፤ እኔም ሐይቁን ራሴ የሠራሁት ያህል ደረቴን ነፋሁ። አጠገባችን መረቡን የሚጠግን ዓሣ አጥማጅ ለእማማ በጋሞኛ አንድ ነገር ነገራቸው።

«ምን አለ?» አልኳቸው።

«ይህን ሣር ያጨደው ጉማሬ ነው አለ። ሲመሽ ተመልሶ ይመጣል።»

ተመልሰን ተሳፈርን። ስሜን ለማደስ ቸኮልኩና ወደ ምዕራብ ዓባያ ከተማ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደሄድን በሙዝ እርሻ መካከል ወደ ሐይቁ የምትወርድ ጠባብ መንገድ ለሄንክ አሳየሁት። «ወርደን እንያት» ቢለኝ «ግድ የለም፣ ግባ» አልኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ለመልቀምም አልታደልኩም። ለሙዙ ውሃ ለቀውበት ኖሮ መኪናው እስከ ሆዱ ሰመጠ። ሄንክ ቆፈረ፣ አና ገፋች፣ ልጆቹ ማልቀስ ጀመሩ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ምክር ሰጠሁ። ጭቃው ሁለቱንም አልሰማም።

እማማ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው በሙዙ መካከል ጠፉ። ሲመለሱ ከኋላቸው መንደሩ ሁሉ ተከትሏቸዋል፤ ወንዶቹ አካፋ፣ ሴቶቹ ድንጋይ ይዘዋል፤ ከፊት የእርሻው ባለቤት አቶ ሽብሩ አሉ። እማማ መንገድ ሙሉ እያወሩላቸው ነበር። ሴቶቹ ልጆቹን ሲያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ። ለጭቃው መስሎኝ ነበር።

መኪናው ወጣ። አቶ ሽብሩም ከፍ ካለው ግቢያቸው፣ ማንጎው ሥር እንዲቆም ፈቀዱ። እማማ መሬቱን በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አድርገው መረመሩት፤ ፀሐይ በየት እንደምትወጣ፣ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ጠየቁ። ሄንክ በጆሮዬ «ሰው አይበዛበትም ወይ በልልኝ» አለኝ። ስተረጉምላቸው በሐዘኔታ አዩት። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት በለው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ልበላችሁ? ሙዝ በዘለላው መጣ። በሽፈራው ዛፍ ቅጠል የተሠራ የበቆሎ ምግብ በትኩሱ መጣ። ለልጆቹ ዶሮ ከነነፍሷ መጣችላቸው፤ ወዲያው ስም አወጡላት። አና እንዲህ ያለ ሕዝብ በመንገዷ ሁሉ አላየችም። እኔም ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን ሰፋ ያለ ንግግር አደረግሁ።

ንግግሩ ሳያልቅ አቶ ሽብሩ ገመድና ችካል ይዘው መጡ። ከማንጎው ወዲያ ያለውን ጥግ ለክተው ችካሎቹን ተከሉና ጠሩኝ።

«መምህር፣ ለሰውዬው ንገርልኝ። ከዚህ እስከዚህ ይበቃዋል። ቀርከሃውን እማማ ከጨንቻ ያስመጣሉ፤ ጉልበት በደቦ እኛ አለን። ክረምት ሳይገባ ልጆቹ ቤት ይገባሉ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። እማማ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከሴቶቹ ጋር ጎመን ይቀነጥሳሉ፤ ያዛሉ፣ ይቆጣሉ፣ ይስቃሉ። ጠጋ ብዬ «ምን ብለው ነው የነገሯቸው?» አልኳቸው።

«አንተ ያልከኝን ነዋ። ቤታቸው ተሽጦ ልጆች ይዘው በመኪና ይንከራተታሉ አልኩ። ውሸት ነው?»

ውሸቱ የቱ ጋ እንደሆነ ፈልጌ አጣሁት። ሄጄ ለሄንክ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ አቶ ሽብሩ ገመዱን እንደያዙ መልስ ሲጠብቁ አየና ሳቁን አቆመ። መኪናው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። አና ፊቷን አዞረች።

«ንገርልኝ» አለኝ፤ «እስካሁን ለአንድ ቀን ማቆሚያ የሰጡን ብዙ ናቸው። ቤት ሠርተህ ኑር ያለን ግን የለም። አመሰግናለሁ በልልኝ፤ መንገዳችንን ግን እንጨርስ።»

አቶ ሽብሩ አሰቡበት። «ይሂድ» አሉ፤ «ከደከመው ይመለሳል።» ችካሎቹን አልነቀሉም።

እንግዶቹ እዚያው ሰነበቱ፤ ጸጥታ ግን አንድም ቀን አላገኙም፤ አልጠየቁምም። እማማ በየጠዋቱ እየወረዱ ይጎበኟቸው ነበር። ከተጠቀለለው ጓዛቸው ለልጆቹ ጋቢ ስለተፈለገ ጓዙ ተፈታ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ መሄድ የተናገረ የለም። አልማዝ ወንድ ልጅ ስትገላገል እናቷ እጇን ይዘዋት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን ያዘዙት እርሳቸው ናቸው፤ «ቁጭ ይበሉ» ያለም አልነበረም። ቁጭ በል የምባለው እኔ ሆንኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሕፃኑን ታቅፈው ደስ ብሏቸው ሳያቸው እድሌን ልሞክር ብዬ ጠጋ አልኩ። «እማማ፣ እኔም እኮ ይህን ሁሉ ዓመት የምኖረው በኪራይ ቤት ነው። አሁን ደግሞ ልጅ መጣ። ለአቶ ሽብሩ ስለ እኔም አንድ ቃል ቢነግሩልኝስ?»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ቤት ያጣ ሰው ቢያንስ መኪና አለው» አሉኝ፤ «አንተ ምን አለህ?»