አባቴን የገደልኩበት ግሩፕ

ሲያመሰግኑህ ደስ ይልሃል አይደል? እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን «ማሻአላህ» የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ሲመጣ ስልኩን እደፋዋለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከግሩፑ ልጀምርልህ።

እኛ ከሚሴዎች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ግጥም የሚጽፈው፣ ሥዕል የሚሥለው፣ መንዙማ የሚያንጎራጉረው ሥራውን ይለጥፋል፤ ሌላው አስተያየት ይሰጣል። ኃላፊዋ ጎረቤቴ ጦይባ ናት። ሕጓ አንድ ነው፤ አስተያየት በፍቅር ይሁን። ፍቅሩስ ሞልቷል። አንዱ ባለ ሦስት እግር ግመል ሥሎ ሲለጥፍ (ባቲ ገበያ ወርዶ ግመል ያላየ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም) ሁላችንም ማሻአላህ አልን። አራተኛው እግር የት ሄደ ያለ የለም። እኔም አላልኩም። ነግ በኔ ነው።

ተራዬ ደረሰ። ቅዳሜ በወጣቶች ማዕከል ሕዝብ ፊት የማነበው አጭር ልቦለድ ነበረኝ። ፈርቻለሁ። መድረክ ላይ ከምዋረድ ወዳጅ ያርመኝ ብዬ፣ እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ ብዬ ለጠፍኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! የመጀመሪያው መስመር «አባቴ የሞተው ፍየሎቹን ሳይፈታ ነው» ይላል። ከዚያች መስመር ያለፈ ሰው አልነበረም።

አስተያየቱ ጎረፈ። ኢናሊላሂ ያለው አለ፣ አላህ ጀነትን ይወፍቃቸው ያለው አለ። አንዱ ከልማዱ ማሻአላህ ብሎ ወዲያው አጠፋው።

በእኛ አገር ደግሞ ለቅሶ በስልክ አይደረስም። ለቀብር የምንረዳዳበት ቅሬያችን ተጠርቶ ሰው ደጃችንን ሞላው። ቤቱ ውስጥ የምንኖረው አባቴና እኔ ብቻ ነን፤ ምስክር የለኝም። ድርሰት ነው እኮ ብል፣ ጦይባ ሐዘን ልቡን ሰወረው ብላ አለቀሰችልኝ። ጀናዛው፣ ሬሳው ማለት ነው፣ የት ነው አሉኝ። አባቴ ያለው ሰንበቴ ገበያ ነው አልኩ። እንግዲያው ጀናዛውን የሚያመጣ መኪና ይፈለግ ተባለ። አባቴ ስልክ ላይ ብደውል ዝግ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጀናዛው ፍየል እየጎተተ መጣ። ደጁ ላይ ለቀስተኛ ሲያይ ደነገጠ፤ እኔን በቁሜ ሲያየኝ ቀለል አለው። እንደ ደንቡ ፍየሉን አሰረ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ከዳር ተቀምጦ እጁን ለዱዓ ዘረጋ። ከዚያ አጠገቡ ያሉትን ሽማግሌ ማን ነው የሞተው ብሎ በዝግታ ጠየቃቸው። ሽማግሌው እንዳቀረቀሩ የቤቱ ጌታ ነው አሉት። ቀና ሲሉማ ምን ልበልህ፣ ለቅሶ ቤቱን ጥለው ሊሮጡ ነበር።

የሆነውን ስነግረው አባቴ አልጮኸም። እንዴት እንደሞትኩ አንብብልኝ አለ። ለቀስተኛው እንደተቀመጠ አነበብኩት። ግሩፑ ድርሰቴን እስከ መጨረሻው የሰማው ያኔ ነው። ስጨርስ ሁሉም ማሻአላህ አሉ። አባቴ ብቻ ፍየሉን ውሃ ሊያጠጣ ተነሳ።

«ኢልማ ኮ» አለኝ በኋላ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «ሞቱስ ይሁን። ለፍየሎቹ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍክ። ለእኔ ያለቀስከው አንድ መስመር ነው?»

የለመንኩት እውነት ይኸው መጣ። ቁጭ ብዬ እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ ስጽፍም ከልቤ አለቀስኩ። ዳግም ስለጥፈው ለጥንቃቄ ከላይ «ይህ ፈጠራ ነው፤ አባቴ ደህና ነው» አልኩበት። ግሩፑ በአንድ ድምፅ አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ተረፉ አለኝ። አሁንም ከዚያች መስመር ያለፈ የለም።

ቅዳሜ አነበብኩት። አዳራሹ አለቀሰ፤ ጦይባማ ሁለተኛዋ ነው። ፊት ለፊት የተቀመጠው አባቴ ብቻ ዓይኑ ደረቅ ነበር። ባጃጅ ይዘን ወደ ቤት ስንመለስ አላስችል አለኝና፣ እንዴት ነበር አልኩት።

«አሁን ደግሞ ለቅሶው በዛ» አለኝ። «ምነው፣ ልትቀብረኝ ቸኮልክ እንዴ?»